ጉዞው የሚያልቅባት ከተማ

(በተመራቂዎች ማኅበር የዘንድሮ የመገናኛ በዓል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር። ተናጋሪው ለዚህ ዓመታዊ መጽሐፍ በጥቂቱ አርመው ሰጥተውናል።)



የማኅበራችን ኮሚቴ ደውሎ ስለ ጡረታ ዘመን አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ እምቢ ልል ነበር። ስለ ጡረታ የማውቀው ነገር ቢኖር ጠዋት ተነስቶ የሚሄዱበት ማጣትን ነው፤ ይሄ ደግሞ ንግግር አያስፈልገውም። በኋላ ግን ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ትዝ አለኝ። «ጣሊያን ድረስ ሄዳችሁ፣ ሮምን አይታችሁ፣ ፍሎረንስን አይታችሁ፣ ቬኒስን ትታችሁ መጨረሻውን ስሟን እንኳ ሰምተን የማናውቃት ትንሽ ከተማ ውስጥ ምን ስትሠሩ ቆያችሁ?» ይሉኛል። በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ስመልስ ሰልችቶኛል። ዛሬ አንድ ጊዜ ለሁላችሁም ልመልስና ልገላገል።

የተጓዝነው ሦስት ሆነን ነው። በ1971 ዓ.ም. አንደኛ ዓመት ስንገባ አንድ ክፍል ውስጥ የተገናኘን ነን። እኔ ጂኦግራፊ ተምሬ ዕድሜዬን በጠመኔ ጨረስኩ። አንዱ ጓደኛችን አምስት ኪሎ ወርዶ መሐንዲስ ሆነ፤ ሥራው ሁሉ ከውሃ ጋር ነበር፣ ጉድጓድ፣ ግድብ፣ ቧንቧ። ሦስተኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሜሪላንድ ኖራለች። ስማቸውን አልጠራም። ስለ እሱ የምናገረውን ሁሉ አስፈቅጄዋለሁ። እሷ ደግሞ «ስሜን ከጠራህ ስለ ቬኒስ የእኔንም ወገን መናገር አለብህ» ስላለችኝ መጥራቱን ትቼዋለሁ።

የጉዞው አደራጅ እኔ ነበርኩ። የመምህር ነገር ታውቃላችሁ፤ የጉዞውን ፕሮግራም እንደ ፈተና ፕሮግራም በሠንጠረዥ ሠራሁት። ሰዓት፣ ቦታ፣ የመግቢያ ዋጋ፣ ምሳ። ቪዛችን 15 ቀን ነበር፤ አንዷም ቀን እንድትባክን አልፈለግሁም። ሮም፣ ከዚያ ኔፕልስ፣ ከዚያ ፍሎረንስ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ቬኒስ፣ ከዚያ በፈጣን ባቡር ወደ ሮም ተመልሶ አውሮፕላን። ወረቀት ላይ ሲታይ የሚያምር ነገር ነበር። ኔፕልስን እዚህ አላነሳትም፤ ራሷን የቻለ ሌላ ንግግር ትፈልጋለች።

ስለ ሮም ግን አንድ ነገር ልበል፤ ጉዞን እዚያ ለመጨረስ ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል። ለሌላው አገር ሰው ሮም የሽርሽር ከተማ ትሆን ይሆናል። ለእኛ ግን በየማዕዘኑ የቆየ ክርክር የሚነሳባት ከተማ ናት። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ከተርሚኒ ስትወጡ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው የሚባለው። እነማን ናቸው አምስት መቶዎቹ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው የሆነው ከግብፅ የመጣ ሐውልትም እዚያው አጠገብ ቆሟል። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ መሐንዲሱና ፋርማሲስቷ አደባባዩ መሐል ቆመው ስለ ዶጋሊ መከራከር ጀመሩ። በማግስቱ ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ሄደን የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ፣ እስከ 1996 ዓ.ም. የቆመበትን ባዶ ቦታ አየን። ምንም የሌለበትን ቦታ ለማየት ግማሽ ቀን መስጠት የሚችል ሐበሻ ብቻ ነው። አልቆጨኝም፤ አስፈላጊ ነበር። ግን ከዚያ ስትመለሱ ድካሙ የእግር ብቻ አይደለም። ሮም የምትጀመርባት ከተማ ናት እንጂ የሚያርፉባት አይደለችም።

ፍሎረንስ ስንደርስ ዘጠነኛ ቀናችን ነበር። ያረፍንበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት አልነበረውም። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ፎቶ መስኮቱን እንጂ ደረጃውን አያሳይም። ማረፊያውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አፍሬ ዝም አልኩ። መሐንዲሳችን ሻንጣውን ተሸክሞ ሲወጣ በየፎቁ ይቆምና ስልኩን ያወጣል። «ቆይ፣ መልእክት መጣልኝ» ይላል። እንግዲህ በየፎቁ መልእክት እንዴት ይመጣል? እኔ ይህን አልጠየቅሁም። እሷም አልጠየቀችም። በኋላ ስንነጋገር ሁለታችንም አይተን ነበር፤ ሁለታችንም ይሉኝታ ይዞን ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኛ አገር ሰው አብሮ ሲጓዝ «ደክሞኛል» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። አንዱ «እንሂድ እንዴ?» ሲል ሌላው «እኔ እንደሆነ ደህና ነኝ፣ ለናንተ ነው እንጂ» ይላል። ሦስተኛው «ኧረ እኔም!» ይላል። ሦስቱም ወድቀው ሊሞቱ ነው እኮ! ፈረንጅ ቢሆን «ዛሬ ሆቴል እቀራለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ብሎ ይተኛል። እኛ ግን አንድ ላይ እንወጣለን፣ አንድ ላይ እንሰቃያለን፣ ማታ ላይ «ዛሬ እንዴት ያለ ቀን ነበር!» እንባባላለን። መሐንዲሱ ለዘጠኝ ቀናት እንዲህ ነበር። ምግብም ላይ እንደዚሁ ነበር። ከሮም ጀምሮ የታጠነ ሥጋ አይነካም፣ አይብ አይነካም፣ ውሃ እንኳ በልክ ነው የሚጠጣው። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር የጽጌን ጾም ይዟል ብለን ተስማማን። የሰው ጾም ደግሞ አይጠየቅም።

በአሥረኛው ቀን ማታ ሠንጠረዡን አውጥቼ ስለ ቬኒስ ማስረዳት ጀመርኩ። ከባቡር ወርዶ በጀልባ፣ ከጀልባ ወርዶ በድልድይ፤ ቬኒስ ውስጥ ከ400 በላይ ድልድዮች አሉ፣ አብዛኞቹም ደረጃ አላቸው። ይህን እያነበብኩ ቀና ስል መሐንዲሱ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እየሰማ ነው። ፊቱ ግን የጠመኔ ዓይነት ሆኗል። ያኔ ሠንጠረዤን አጠፍኩትና «እኔ ደክሞኛል» አልኩ። ውሸቴን አልነበረም፣ ግን ለራሴ ብዬም አልነበረም። «ቬኒስ ይቅርብን። ለሮም ቅርብ የሆነ ትንሽ ከተማ ፈልገን ዝም ብለን እንቀመጥ» አልኩ።

ያንን ጭቅጭቅ በሙሉ አልደግምላችሁም። ፋርማሲስቷ «ከአሜሪካ ድረስ መጥቼ ቬኒስን ሳላይ ልመለስ? ሌላ ጊዜ የምመጣ ይመስልሃል?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። መሐንዲሱ ደግሞ እንደ ልማዱ «እኔ ለሁሉም ዝግጁ ነኝ» አለ። አምስት ሰዓት ከሌሊቱ ድረስ ተጨቃጨቅን። ብቻዋን ቬኒስ ሄዳ ሮም እንድንገናኝም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እሷው ራሷ ተወችው። «አርባ ስድስት ዓመት ጠብቄ በመጨረሻው ሦስት ቀን ልለያችሁ?» አለች።

እንግዲህ ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉት ይሄን ክፍል ስለሆነ፣ ትንሿን ከተማ እንዴት እንደመረጥን ልንገራችሁ። ስልክ ላይ ካርታ ዘርግቼ እንደ ጂኦግራፊ አስተማሪ አሰብኩ። በመጀመሪያ ያየሁት ሉካን ነው። ደስ የምትል ከተማ ናት፤ ሜዳ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን አራት ኪሎ ሜትር ከምናምን የሚሆን የድሮ ግንብ የከበባት፣ ግንቡም አናቱ ላይ ዛፍ ተተክሎበት ሰው የሚንሸራሸርበት። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከሉካ የተሻለ የለም፤ በፒሳ በኩል ወደ አገሩ የሚበር ሰው ካለ ሉካን ይያዝ። የእኛ አውሮፕላን ግን ከሮም ነው የሚነሳው፣ ከሉካ ሮም ደግሞ ባቡር መቀየር አለ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ሲዬና ዳገትና ቁልቁለት ናት። ራቬና እነዚያ የሞዛይክ አብያተ ክርስቲያናት አሏት፣ እኔም ለራሴ እመኛት ነበር፤ ነገር ግን ከሮም አንጻር በሌላው ባሕር ዳር ነው ያለችው። ቦሎኛን ብዙ ሰው ያመሰግናታል፣ ግን ትልቅ ከተማ ናት፤ እኛ ደግሞ ከትልቅ ከተማ ነበር የምንሸሸው።

ጣሊያን ውስጥ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ያደርጋሉ፤ አስቀድመው ያሳውቃሉ፣ በሥራ ቀናትም ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ12 እስከ 3 ሰዓት የሚሄዱ የተረጋገጡ ባቡሮች አሉ። ያም ሆኖ የመጨረሻ ከተማችሁ ከአውሮፕላን ጣቢያው በሦስት ባቡር የራቀች ከሆነች የመጨረሻዋን ሌሊት አትተኙም። ስለዚህ ደንቤ ይሄ ሆነ፦ ባቡር ሳይቀየር በሁለት ሰዓት ውስጥ ሮም የሚያደርስ፣ መኪና የማይበዛበት፣ «ይሄን ካላየህ አልሄድክም» የሚባል ነገር ቢኖረው እንኳ በአንድ ቀን የሚያልቅ። ከፍሎረንስ ወደ ሮም በሚወስደው መስመር ላይ ጣቴን ሳንሸራትት ኦርቪዬቶ ላይ ቆመ። ከሮም አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ናት። ሕዝቧ ወደ 20 ሺህ ነው። ቬኒስ ይዘነው የነበረው ሆቴል ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ስለነበር በዚያው ሌሊት ሰረዝኩት። በዚህኛው ጊዜ ግን ማረፊያ ስይዝ መጀመሪያ ያየሁት ሊፍቱን ነው።

ኦርቪዬቶን ለሐበሻ ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃል፤ አምባ ናት። ዙሪያዋ ገደል ሆኖ አናቷ ላይ ከተማ የተቀመጠባት አምባ። ከቦልሴና ሐይቅ አካባቢ ከነበሩ እሳተ ገሞራዎች የወጣ አመድ ረግቶ የሠራው ድንጋይ ነው፤ ሲፈልጡት ለስላሳ ስለሆነ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ከሥሩ ዋሻ፣ ጓዳ፣ የርግብ ቤት ሲፈለፍል ኖሯል። ባቡሩ ከታች ሜዳው ላይ ያወርዳችኋል። ከጣቢያው ትይዩ በገመድ የሚጎተት፣ ፉኒኮላሬ የሚሉት ትንሽ ባቡር አለ፣ በጥቂት ደቂቃ አምባው ላይ ያወጣችኋል። መሐንዲሱ ይህንን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሠራ በውሃ ክብደት ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ላይ ያለው ፉርጎ ውሃ ይሞላና ሲወርድ የታችኛውን እየጎተተ ያወጣዋል። አሁን በኤሌክትሪክ ነው። «ቀድሞ የነበረው ይሻል ነበር» አለ። ምን እንደሚሻል አልጠየቅነውም፤ ብቻ መናገሩ ደስ አለን።

የደረስነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ሱቁ ሁሉ ዝግ። እኔ ተናደድኩ፤ «እሑድ ነው እንዴ?» አልኩ። ማክሰኞ ነበር። ሱቆቹ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ይዘጋሉ፤ ባለቤቶቹ ቤታቸው ሄደው ምሳቸውን ይበላሉ፣ ይተኛሉ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህች ከተማ ዝግታዋን የምትኮራበት ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ኦርቪዬቶን ጨምሮ የአራት ትናንሽ የጣሊያን ከተሞች ከንቲባዎች ተሰብስበው «ቺታስሎ» ማለትም የዝግተኛ ከተሞች የሚባል ማኅበር መሥርተዋል። ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ አባል መሆን አይችልም። ምልክታቸው በጀርባዋ ከተማ የተሸከመች ቀንድ አውጣ ናት። ጽሕፈት ቤቱ ያለው እዚያው ኦርቪዬቶ ነው። ይህን ሳነብላት ፋርማሲስቷ «አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄጄ አባል መሆኗን ያወቅኩት ዛሬ ነው» አለች። ከፍሎረንስ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር።

ማታ እራት ላይ ዳቦ መጣ። የኡምብሪያ ዳቦ ጨው የለውም፤ እንዲሁ ነው የሚጋግሩት። እኔ ቀመስኩና ገፋ አደረግሁት። መሐንዲሱ ግን አንስቶ ደጋግሞ በላ። «ይሄ ዳቦ ለእኔ ነው የተጋገረው» አለ። ሳቅን። አሁን ሳስበው ሊነግረን የጀመረው ያኔ ነበር፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ ሄድን። በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ያልነበረ፣ እሱ ራሱ የጠየቀው ብቸኛው ነገር ይህ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1527 ሮም በወታደር ስትዘረፍ ጳጳሱ ክሌመንት ሰባተኛ ሸሽተው ኦርቪዬቶ አምባ ላይ ወጡ። አምባ ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ ጠላት አይደርስበትም፣ ግን ውሃ የለውም። ድንጋዩ ውሃ ያሳልፋል፣ ውሃውን የሚይዘው ከሥር ያለው ሸክላ አፈር ነው። ከተማዋ ብትከበብ በጥም ታልቃለች ብለው ለአንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ ጉድጓድ እንዲያስቆፍር አዘዙት። ጥልቀቱ 53 ሜትር ገደማ ነው። ሥራው ግን ጥልቀቱ ላይ አይደለም። በጉድጓዱ ግድግዳ ዙሪያ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች አሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠምጥሞ የሚወርድ፤ እያንዳንዳቸው 248 ደረጃ ናቸው። ውሃ የሚቀዳው በበቅሎ ነበር። በቅሎዋ በአንዱ ትወርዳለች፣ ከታች ድልድዩን ትሻገራለች፣ ጭነቷን ይዛ በሌላው ትወጣለች። ወራጅና ወጪ ፈጽሞ አይገናኙም። ብርሃኑ ከመሐል በወደ 70 መስኮቶች ይገባል።

ይህን ሁሉ የነገረን መሐንዲሱ ነው፣ መግቢያው ላይ ቆሞ፣ በእጁ እያሳየ። ሃያ ዓመቱ የሆነ መሰለኝ። ትኬት ቆረጥን፤ እኔና እሷ መውረድ ስንጀምር እሱ ጥቂት ደረጃ ወርዶ መጀመሪያው መስኮት ጋ ቆመ። «እናንተ ውረዱ፤ ውሃው ጋ ስትደርሱ ጩኹልኝ» አለ። እኔ ወረድኩ። ከታች ድልድዩ ላይ ሆነን ስሙን ጠራን። ከላይ፣ ከዚያች ክብ ብርሃን ውስጥ፣ መልሶ የእኛን ጠራ። ከዚያ 248 ደረጃ መውጣት ነው። እያለከለክን ስንደርስ ያው መስኮት ሥር ተቀምጧል።

«ለምን አልወረድክም? ዕድሜህን ሙሉ ስለዚህ ጉድጓድ አይደል እንዴ ስታወራ የኖርከው?» አልኩት።

«መውረዱን እችላለሁ» አለ። «የማልችለው መውጣቱን ነው።»

ከዚያ ወጥተን እዚያው አጠገብ ካለው የድሮ ምሽግ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከታች የፓሊያ ወንዝ ሸለቆ ይታያል። ኩላሊቶቹ ሊያቆሙ መቃረባቸውን፣ ሐኪሙ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥበት እንደሚጀምር እንደነገረው፣ እጥበት ከጀመረ በኋላ እንዲህ ያለ ጉዞ ከባድ ስለሚሆን አሁን ለመምጣት እንደቆረጠ ነገረን። ጾም አልነበረም። ለልጆቹም አልነገረም። «ለናንተም ልነግራችሁ አልፈለግሁም ነበር፤ ጉዞውን አበላሻለሁ ብዬ» አለ።

ፋርማሲስቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ምን ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» አለችው። ዘረዘረላት። «ሌላስ?» «ሌላ የለም።» «ጉልበቴን አመመኝ ስትል አልነበረም እንዴ ሮም?» «እሱማ ከፋርማሲ አንድ ማስታገሻ ገዝቼ ነው።» ሆቴል ሄደን ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። አይቡፕሮፌን ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከአሥር ቀን በላይ ወስዶታል። እንደዚያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ይህ መድኃኒት ለጤነኛ ሰው ተራ ማስታገሻ ነው፤ ለደከመ ኩላሊት ግን ጉዳት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። «ፋርማሲስት አጠገብህ እያለ!» አለችው። «አልጠየቅሽኝማ» አላት። ያን ጊዜ ሦስታችንም ዝም አልን። አልጠየቅነውም። በየፎቁ ሲቆም አይተን አልጠየቅነውም፣ ዳቦውን ሲመርጥ አይተን አልጠየቅነውም። መድኃኒቱን ወስዳ ጣለችው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ላለው ሐኪሙ የወሰደውን መጠንና ቀኑን በመልእክት አስጻፈችው።

እንግዲህ ጥያቄያችሁ ይሄ አይደል? ኦርቪዬቶ ምን ሠራችሁ ነው ያላችሁት። ይሄን ሠራን። ቬኒስ ሄደን ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው በእነዚያ ድልድዮች ላይ ሻንጣውን እየጎተተ፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንክብሉን እየዋጠ፣ «እኔ ደህና ነኝ» ይለን ነበር። ይህን የምለው ቬኒስን ለማሳጣት አይደለም። በሽታውን ያወጣችው ኦርቪዬቶ ናትም አልልም። እውነቱ ቀለል ያለ ነው፤ የሚሮጡበት ነገር ሲያጡ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል።

የቀረው ቀን ተኩል ምንም የለበትም ማለት ይቻላል። ካቴድራሉን አየነው። እ.ኤ.አ. በ1290 የተጀመረ፣ ጎኑ ጥቁርና ነጭ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተገነባ፣ ፊቱ በሞዛይክ ያሸበረቀ ነው። ውስጡ ሉካ ሲኞሬሊ የሣለው የዓለም ፍጻሜ ሥዕል አለ፤ ሙታን ከመሬት ሥር ሲወጡ ይታያል። መሐንዲሱ ብዙ ቆሞ አየውና «ሲወጡ ደረጃ የላቸውም» ብሎ ወጣ። ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፤ ቦታ ለቀቁልን። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ፊት ለፊቱ በሙሉ ወርቅ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ስለ ምን እንዳወራን ብትጠይቁኝ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ስለ አንደኛ ዓመት ካፌ፣ ስለ ሌሉት ጓደኞቻችን፣ ማን የማንን ማስታወሻ እንደገለበጠ። ካልሲ ልገዛ ገብቼ ጣሊያንኛ ሳላውቅ «ካልሲ» ብላቸው ባለሱቋ ወዲያው አውጥታ እንደሰጠችኝ ነግሬያቸው ስንስቅ ሽማግሌዎቹም አብረውን ሳቁ፣ ምን እንዳልኩ ሳይሰሙ።

ልጆቹን ስለመንገር እኔና እሷ ተለያየን። እኔ አገር ቤት ገብቶ ቀስ ብሎ ይንገራቸው አልኩ። እሷ «ዛሬ ማታ» አለች። ትክክል የነበረችው እሷ ናት። ማታ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ደወለ፤ እኛ ኮሪደር ላይ ቆመን ጠበቅን። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ሊፍቱን ትቶ አንዱን ፎቅ በደረጃ ወረደ። አንድ ጊዜ መሐል ላይ ቆመ። ስልኩን አላወጣም። «ትንሽ ልረፍ» አለና ግድግዳውን ተደገፈ፤ እኛም አብረነው ቆምን።

በመጨረሻው ቀን ምሳችንን በልተን በገመድ ባቡሯ ወረድን፣ ከአንድ ሰዓት ከምናምን በኋላ ተርሚኒ ነበርን። ከዚያ የአውሮፕላን ጣቢያው ባቡር 32 ደቂቃ ነው። ያን አደባባይ በድጋሚ ስናቋርጥ ስለ ዶጋሊ ማንም አልተከራከረም፤ ጊዜ ነበረን፣ ቡና ጠጣን። ፋርማሲስቷ በረራዋ በማግስቱ ጠዋት ስለነበር እዚያው ተሰናበትን። እስከ ዛሬ ቬኒስን አልረሳችልኝም። ባለፈው ወር እንኳ የቬኒስን ፎቶ ልካልኛለች፣ ምንም ቃል ሳትጽፍበት። ዕዳዬ ነው፤ እከፍላለሁ።

መሐንዲሱ እጥበት የጀመረው የካቲት ላይ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው ቀኑ። ኮሚቴው ይህን በዓል መጀመሪያ ዓርብ ሊያደርገው አስቦ ነበር፤ ወደ ቅዳሜ እንዲያዛውረው የወተወትኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱን ሳልነግራቸው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ጓደኛችን እዚያ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ አሁን አንገቱን ያቀረቀረው እሱ ነው። ሄዳችሁ ሰላም በሉት፣ ስለ ጉድጓዱ ጠይቁት፣ ከእኔ አሳምሮ ያስረዳችኋል። ድካሙን በዓይናችሁ አትገምቱ፤ ጠይቁት፣ አሁን ይነግራችኋል። እራት ላይ ደግሞ «ብላ እንጂ!» እያላችሁ አታጉርሱት። ወጡ ጨው አለው።